ወላጅን መጦር፦ የእጅ ድርሻና የኪስ ድርሻ

በአገራችን ልጅ ለሌለው ሰው ስናዝን «ጧሪ ቀባሪ የለውም» እንላለን። ሁለቱ ቃላት ተከታትለው ስለሚነገሩ እኩል ክብደት ያላቸው ይመስላሉ። ይሁን እንጂ መቅበር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እስከ ሣልስት ያለውን ብንጨምርበት እንኳ የሦስት ቀን ሥራ ነው። መጦር ግን ዓመታት ይወስዳል። ለመቅበር እድር አለን፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ በቀረ አባል ላይ የሚጣል መቀጫ ሳይቀር በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ ይገኛል። ለመጦር ግን ደንብ የለንም። አንዳንድ እድሮች በቅርብ ዓመታት ለአቅመ ደካማ አባሎቻቸው ድጋፍ ማድረግ መጀመራቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው ቤት የታመመ አረጋዊ ጉዳይ ዛሬም በሩን ዘግቶ እያንዳንዱ ቤተሰብ ብቻውን የሚወጣው ዳገት ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ደንብ ያላስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። አረጋዊው በልጆች፣ በምራቶችና በልጅ ልጆች መካከል ይኖር ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካ ነበር። ዛሬ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም መድኃኒት ዕድሜ ያራዝማል፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። በአንጻሩ ደግሞ ልጆች በትምህርትና በሥራ ምክንያት ተበትነዋል፤ ምራቲቱም መሥሪያ ቤት ትውላለች። ዕድሜው ረዘመ፤ ቤቱ ግን ባዶ ሆነ።

ይህን ጉዳይ የምንጽፈው ከሩቅ ሆነን አይደለም። እናታችን ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ አንድ እሑድ ጧት ለቅዳሴ ሲዘጋጁ ወደቁ። ስትሮክ መሆኑ ተነገረን። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከነንግግራቸው ተያዘ። በሆስፒታል የቆዩት ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕክምናው ማለቁና የቀረው ማስታመም ብቻ መሆኑ ተነግሮን ወደ ቤት ይዘናቸው ተመለስን። «የቀረው» የተባለው ከስድስት ዓመት በላይ ፈጀ።

ማስታመም የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሥራውን ግን ያላየው ሰው አያውቀውም። መገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን መዞር አለበት፤ ሌሊትም እንደዚያው። አጥሚቱ በማንኪያ ሲሰጥ ቀና ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ ሕመም ያስከትላል። የደረቀው እጅ ጨርሶ እንዳይኮማተር በየቀኑ መታሸትና መዘርጋት አለበት። ዳይፐር መቀየር፣ ገላ ማጠብ፣ አንሶላ ማፍላት፣ የግፊቱን ኪኒን ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት ይከተላል። በኋላ ወጪውን ስንደምር ለመድኃኒት ካወጣነው ይልቅ ለዳይፐርና ለሳሙና ያወጣነው በልጦ አግኝተነዋል። በጸሎት ጊዜ የማይነሣ ጉዳይ ነውና አንባብያን ይቅር ይበሉን፤ የአራተኛው ትእዛዝ አብዛኛው ክፍል ግን የሚፈጸመው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

አምስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድማችን አሜሪካ ነው። አንዲት እህታችን በዐረብ አገር በቤት ሠራተኛነት ትኖራለች። ሁለታችን ትዳር ይዘን በዚያው ከተማ ነበርን። የመጨረሻዋ እህታችን አላገባችም ነበር፤ ከእናታችንም ጋር ትኖር ነበር። ማን እንደሚያስታምም አንድም ቀን ተሰብስበን አልመከርንም፤ ሁላችንም በልባችን ወስነን ነበርና። እህታችን ሥራዋን ለቀቀች። እኛም «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አልናት።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን ተማክረናል። አባታችን የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበሩ እናታችን የሟች ባል ጡረታ ያገኙ ነበር፤ ይህም የአባታችን አበል ግማሽ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሙከራ ተጀምሮ በየወረዳው የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚሰጠውን ሕክምና ይሸፍናል፤ በሌሊት ሕመምተኛውን ለሚያገላብጠው ሰው ግን አይከፍልም፤ ሥራውም አይደለም። ከዋናው ቤት ጀርባ የነበሩትን ሁለት ክፍሎች አከራየን። የቀረውን በየወሩ አዋጣን፤ ከሁሉ የበለጠውን ወንድማችን ላከ። ወንድማችን እናታችንን ወደ እርሱ ለመውሰድም አስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን እንኳ ለረጅም ጊዜ የዕለት ተዕለት ክብካቤ እንደማይከፍል፣ አዲስ ገቢ ለሆነ አረጋዊም ዓመታት የሚያስጠብቅ መሆኑን ሲረዳ ሐሳቡን ተወ። የሀብታም አገር ሰው ይህን ጥያቄ ፈቶታል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን፤ አልፈታውም።

በዐረብ አገር ያለችው እህታችን ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። እርሷ በምትሠራበት ቤት የምትንከባከበው የአሠሪዋን አሮጊት እናት ነበር። የሌላ ሰው እናት ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች፤ በዚያ ሥራ ያገኘችውን ትልክና እዚህ ደግሞ ከገጠር የመጣች አንዲት ወጣት ተቀጥራ የእርሷን እናት ታጥባለች። ያቺ ወጣትም በበኩሏ ከደመወዟ ቆጥባ በገጠር ለምትገኘው እናቷ ትልካለች። በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ያለችውን እናት ማን እንደሚያጥባት አናውቅም።

ጠባችን የተነሣው በሦስተኛው ዓመት ነው። ወንድማችን ለፋሲካ መጥቶ ሳለ የላከው ገንዘብ ምን ላይ እንደ ዋለ ጠየቀ። መጠየቁ በራሱ ነውር አልነበረም። እህታችን ደብተሯን አምጥታ ሰጠችው፤ ወጪው እስከ ሳንቲሙ ተጽፎ ነበር፤ የጎደለም አልነበረም። ሁላችንም አየነው፤ ረካንም። እርሷ ግን ደብተሩን መልሳ ስትቀበል «የእኔ ገጽ የለበትም» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። በመጀመሪያ አልገባንም ነበር። ደብተሩ ያወጣነውን ሁሉ ይዟል፤ እርሷ ያላገኘችውን ግን አልያዘም። በሦስት ዓመት ያልተከፈላት ደመወዝ አልተጻፈም። ለራሷ እርጅና መጠራቀም የነበረበት የጡረታ መዋጮም አልተጻፈም። የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ እርሷ ሥራ ስትለቅ ገና ስድስተኛ ዓመቷ ነበር። እናታችንን በመጦሯ ራሷን ጧሪ የሌላት ልታደርግ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ ገንዘብ የሚልከው ልጅ ግዴታውን ፈጽሟልን? ሌሊት የሚነቃውስ የሚገባው ነገር አለን? ወይስ ሁሉም ለፍቅር ነውና ምንም አይቆጠርም?

በመጀመሪያ ትእዛዙን እንመልከት። «አክብር» የሚለውን ቃል ለሕፃናት ስናስተምር ብዙ ጊዜ «ታዘዝ» ብለን እንተረጉመዋለን። በሲና ተራራ ሥር የቆመው ግን የአዋቂዎች ጉባኤ ነው፤ ትእዛዙም በመጀመሪያ የተነገረው ያረጁ ወላጆች ላሏቸው ጎልማሶች ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2217 እና 2218 ይህንኑ ይለያል፤ መታዘዝ ልጁ ራሱን ሲችል ያበቃል፣ ክብር ግን አያበቃም፤ ያደገ ልጅ ወላጆቹን በእርጅና፣ በሕመምና በብቸኝነት ዘመናቸው በገንዘብም በመንፈስም የመርዳት ኃላፊነት አለበት። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ክፍል ለሕፃናቱ ብቻ ሳይሆን ለጋብቻ ለሚዘጋጁት ሙሽሮች ቢያስተምሩት መልካም ነው እንላለን፤ አዲሱ ቤት ሲመሠረት ከሁለቱም ወገን ያሉት አረጋውያን በዕቅዱ ውስጥ ይገቡ ዘንድ።

ጌታችንም ይህን ትእዛዝ የተረዳው በገንዘብ ነክ ትርጉሙ ጭምር ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከፈሪሳውያን ጋር የተከራከረው ስለ ቁርባን ነበር፤ ይኸውም ለወላጅ መርጃ ሊውል የሚገባውን ሀብት ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል ብሎ የመሰወር ልማድ ነው። ጌታችን ይህን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መሻር ነው ብሎ ፈረደበት። እኛ ዘንድ ይህ ልማድ በሌላ መልክ ይታያል። ለማኅበር ድግስና ለክርስትና የማይሳሳ እጅ ለእናት የሚሆን ደህና ፍራሽ ለመግዛት ሲሳሳ አይተናል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሐውልቱ ነው። በሕይወት ሳሉ ተሽከርካሪ ወንበር ላልተገዛላቸው አባት ከእብነ በረድ የተሠራ መቃብር ማቆም ክብር መሆኑን አንቀበልም፤ ለሚያየው ሰው የሚከፈል ዕዳ እንጂ ለአባት የተከፈለ አይደለም።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ለወላጅ የሚገባውን ነገር በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ወላጅ በመሆኑ ብቻ ዘወትር የሚገባው አክብሮት ነው። ሁለተኛው አንድ ሁኔታ ሲደርስ የሚገባው ነው፤ ቢታመም ይጎበኝና ስለ ፈውሱ ይታሰብለት ዘንድ፣ ቢደኸይ ይደገፍ ዘንድ። ይህ አከፋፈል ለእኛ ጥያቄ ጠቃሚ ነው። ሁለተኛው ዕዳ የሚለካው በወላጁ ችግር እንጂ በልጁ የትውልድ ተራ ወይም በፆታው አይደለም። ሴት ልጅ በመሆኗ፣ የመጨረሻ በመሆኗ ወይም ባለማግባቷ እርሷ ላይ የወደቀው ሸክም በማንም ሕግ የእርሷ ብቻ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ቀለብ የመስጠት ግዴታን በወላጆችና በልጆች መካከል ሲደነግግ ወንድና ሴት ብሎ አይለይም። ችግሩ ሕግ መጥፋቱ አይደለም፤ «እርሷ አለች» የሚለው ዝምታችን ነው። ዝምታችን ውሳኔ ነበር፤ ውሳኔም ከሆነ እንጠየቅበታለን።

ከመምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ጥያቄ በዚሁ እናንሣ፤ «ያላሳደገኝን፣ እናቴንና እኔን ጥሎ የሄደውን አባት ልጦር ይገባኛልን?» የሚል ነው። ይህን ለሚጠይቅ ሰው በችኮላ «ይቅር በል» ብሎ መመለስ አይገባም፤ ቁስሉ እውነተኛ ነውና። ለሕይወት ምክንያት የሆነን ሰው በረኀብና በቁስል ጥሎ ማለፍ አይገባም፤ ከዚህ አልፎ ግን እንደ መልካም አባት እንዲቀርበው ልጁን ልናስገድደው አንችልም። ሌላ ሰው ቀጥሮ ቢያስታምመውና እርሱ ከደጅ ቢመለስ እንኳ ትንሽ ነገር አላደረገም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ቀጥሮ ስለ ማስታመም እንመለስ። በምእመናን ዘንድ «እናቱን ለሠራተኛ ሰጣት» የሚል ሐሜት ይሰማል። እኛም ሠራተኛ ስንቀጥር ተሰምቶናል። ይሁን እንጂ ሁላችንም የምንወደውን የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ (ሉቃ. 10፡30-37) ልብ ብለን ብናነብ ሳምራዊው ራሱ ቀጥሯል። የቆሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ በማግስቱ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራ ብሎት ሄደ። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፡2)። ጌታችን በዚህ አልነቀፈውም፤ ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው እርሱ ነው አሰኘ እንጂ። ስለዚህ ገንዘብ ከፍሎ ማስታመም ፍቅርን መሸጥ አይደለም።

ነገር ግን ሳምራዊው ያደረገውን በቅደም ተከተሉ እንመልከት። ከሁሉ አስቀድሞ በገዛ እጁ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፤ በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፤ በዚያችም ሌሊት በማደሪያው ከእርሱ ጋር ሆኖ ጠበቀው። ዲናሩ የወጣው በማግስቱ ነው። ከእነዚያ ሁለት ዲናሮች ሌላ የሚያወጣውን ሁሉ ሲመለስ እንደሚከፍለው ለጠባቂው ቃል ገባ። ሒሳቡን አልዘጋም፤ «ከዚህ በላይ እኔን አይመለከተኝም» አላለም፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ነገረው። ቁስሉን የነካ እጅ ዋጋውን ያውቃል፤ ከቅጥር ውጭ የሚመጣውን ወጪም ለማመን አይቸገርም። በጠባችን ጊዜ ያጣነው ይህንኑ ነበር። ወንድማችን ገንዘቡን አልነፈገም፤ እኛ በከተማው የነበርነውም መዋጮአችንን አላጎደልንም፤ ሌሊቱን ግን አላየነውም። በሚቀጥለው ሳምንት እህታችንን ለአምስት ቀን ወደ ዘመድ ልከን ተራ በተራ አደርን። በሦስተኛው ሌሊት ወንድማችን ከአልጋው ጎን ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ስለ ደብተሩ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ለተቀጠረችው ወጣት የሚገባውንም መናገር አለብን፤ በዚህ በኩል ንጹሓን አይደለንምና። የመጣችው ለምግብና ለልብስ አጠባ ነበር። እናታችን ሲታመሙ ሥራዋ የአስታማሚ ሥራ ሆነ፤ ደመወዟ ግን በዚያው ቀረ፤ እኛም ይህን ያስተዋልነው ከዓመት በኋላ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ተስማምቻለሁ ያለ ሠራተኛ እንኳ ለኑሮ ከሚበቃው በታች ሊከፈለው እንደማይገባ አስተምረዋል። ትምህርቱን ስለ ፋብሪካ ስንሰማ እንስማማለን፤ በራሳችን ማድ ቤት ሲደርስ ግን እንረሳዋለን። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጎ ጉዳያቸውን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። እንግዲህ አስገዳጁ ሕግ በሌለበት ቦታ የክርስቲያን ኅሊና የበለጠ ይጠየቃል። ሌሊት የነቃች ሠራተኛ ቀን መተኛት አለባት፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ማረፍ አለባት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ሰዓት ሊኖራት ይገባል፤ ሕመምተኛ ማንሣት የሚያስከትለው የወገብ ሕመም ሲይዛት የምትታከመውም በቀጣሪዋ ወጪ መሆን አለበት። እናትን ለማክበር ሲባል የሌላ እናት ልጅ ብትደክምና ብትበደል ትእዛዙ ተፈጽሟል ማለት ያስቸግራል።

ወደ መርጃ ተቋም መውሰድስ? የእናት ትሬዛ ደናግል በአገራችን በየቦታው በሚያስተዳድሯቸው ቤቶች፣ እንዲሁም እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ባሉ ስፍራዎች የሚደረገውን ያየ ሰው በአድናቆት ይመለሳል። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች የተከፈቱት ማንም ለሌላቸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (1ጢሞ. 5፡16) በቤታቸው መበለቶች ያሉባቸው ምእመናን ራሳቸው እንዲረዷቸው ያዘዘው ለዚህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በእውነት ብቸኛ ለሆኑት መበለቶች ኃይል እንዲተርፋት። አቅም ያለው ልጅ እናቱን በዚያ ቢያስገባ የሚወስደው ከመንገድ ዳር የሚነሣውን ሰው አልጋ ነው። አቅም የሌለው፣ ራሱ የታመመ ወይም በቀን ሥራ የሚያድር ልጅ ግን ይህን ቢያደርግ ማንም ሊያሳፍረው አይገባም። ይጠይቃቸው፤ በእጁ ያለውን ትንሽ ነገር ይዞ ይሂድ።

አንድ ሌላ ስሕተታችንን ደግሞ ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፉ ሐቀኛ አይሆንም። በዚያ የፋሲካ ጠብ ወቅት ስለ ቤቱ ተነሣ፤ ተሽጦ ወጪው ይሸፈን የሚልም ነበር፣ አይሆንም የሚልም ነበር። ይህን ሁሉ የተነጋገርነው እናታችን በተኙበት ክፍል፣ ከአልጋቸው በላይ ቆመን ነው። መናገር ስላቃታቸው የማይሰሙ ያህል ቆጠርናቸው። ዞር ስንል ዕንባቸው በጆሯቸው ላይ ወርዶ ትራሱን አርሶት ነበር። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ስለ አረጋዊ አባት ሲመክር አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ያስጠነቅቃል፤ የእናታችን አእምሮ ደግሞ ፈጽሞ አልደከመም ነበር፤ የደከመው ምላሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩን ቀርበን በአጭሩ ጠየቅናቸው፤ «አዎ» ለማለት ግራ እጃችንን ይጨብጡ ነበር፣ «አይሆንም» ለማለት ይለቁት ነበር። ቤቱ ይሸጥ ወይ ስንላቸው እጃችንን ለቀቁ። ክፍሎቹ ይከራዩ ወይ ስንላቸው ጨበጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅናቸውን ነገር በሁለት ደቂቃ ወሰኑት።

ስለዚህም ወላጆች ገና በጤና ሳሉ ይህን ጉዳይ ቢነጋገሩበት እንመክራለን። «ሟርት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጌታችን ግን በመስቀል ላይ ሆኖ የእናቱን ነገር አዘጋጅቷል (ዮሐ. 19፡26-27)። «ዘመድ አይጠፋም» ብሎ አልተወውም፤ አንድ ሰው ለይቶ፣ ሁለቱም እየሰሙ፣ አንዷን ለሌላው አደራ ሰጠ። ዮሐንስም ወደ ቤቱ ወሰዳት። በስም የተሰጠ አደራና ለሁሉም የተተወ አደራ አንድ አይደሉም።

ለቁምስናዎቻችንም አንድ ተግባራዊ ነገር አለን። ካህኑ ቅዱስ ቁርባን ይዘው ወደ ሕመምተኛው ሲሄዱ፣ መምህራንም ሲጎበኙ፣ ሁላችንም የምንጠይቀው ሕመምተኛውን ነው፤ አስታማሚዋ በር ከፍታ ወንበር ታቀርብልናለች እንጂ እንዴት አደርሽ የሚላት የለም። የቁምስናችን እናቶች በስድስቱ ዓመት ውስጥ ለእኛ ያደረጉልን ትልቁ ነገር ብርቱካን ማምጣታቸው አልነበረም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጡና «አንቺ ሂጂ፣ ተኚ» ይሏት ነበር። እህታችን በእነዚያ ሰዓታት አንዳንዴ ትተኛለች፤ አንዳንዴም ወደ ገበያ ወጥታ ምንም ሳትገዛ ትመለሳለች። ለዚህ መዋጮ አያስፈልግም፤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚለጠፍ የተራ ዝርዝር ይበቃል።

እናታችን ምስጢረ ቀንዲል ተቀብለው በሰላም ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። እድሩ ድንኳኑን በሰዓቱ ተከለ። የቤቱ ነገር ሲነሣ ሕጉ ለልጆች ሁሉ እኩል ድርሻ ይሰጣል። እኛ በከተማው ያለነው ሁለታችንና በዐረብ አገር ያለችው እህታችን ከየድርሻችን ከፍለን፣ እናታችንን ያስታመመችው እህታችን በእነዚያ ዓመታት ያጣችውን ደመወዝ የሚጠጋ ገንዘብ ሰጠናት። ፍቅር በገንዘብ አይመለስም፤ ይህን እናውቃለን። የጎደለ ኑሮ ግን ሊጠገን ይችላል። «ለእናት የተደረገ ነገር አይከፈልም» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ የሰማነው ደግሞ ሌሊቱን ከተኙት ሰዎች ነው፤ እኛም ከእነርሱ ነበርን። እህታችን በመጀመሪያ አልቀበልም ብላ ነበር፤ በኋላ በገንዘቡ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፈተች። ወንድማችን አሁንም አልተስማማም። ለእርሷ መስጠቱን አልተቃወመም፤ የሚቃወመው ዕዳ ተብሎ መጠራቱን ነው፤ እርሱ የሚሰጣት ስጦታ ብሎ ነው። እርሷ ግን ስጦታውን ሳትቀበል እንዳስቀመጠችው አለች፤ በዚህ ዓመት ለፋሲካ ሲመጣ እንነጋገርበታለን።